«ደራሽ መጣ!» ያልኩ ዕለት

ሥራዬን የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ወንዝ ውስጥ ቴርሞሜትር እከታለሁ፣ ጥቂት እጠብቃለሁ፣ ያየሁትን ቁጥር በስልኬ እልካለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጅረት እሄዳለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ እንኳን «ልጄ፣ ውሃ መሞቅ መቀዝቀዙ በእጅ ሲነኩት አይታወቅም እንዴ?» ትለኝ ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። አሁን ግን ስለ ውሃ ቅዝቃዜ ሲወራ መሳቅ አልችልም። ለምን እንዳልቻልኩ ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኝ ከደብረ ማርቆስ ደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ኤልያስ ይጁቤ ስዞር፣ የተፋሰስ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች አገሩን የሚያውቅና መንገድ የማይሰለቸው ሰው እንደሚፈልጉ ሰማሁ። መንገድ አለመሰልቸት ብቸኛው የትምህርት ማስረጃዬ ነበር፤ ተቀበሉኝ።

አለቃዬ ከድር ይባላል። የደሴ ልጅ ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ጫማውን አውልቆ ወንዝ ለመግባት ሁልጊዜ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን በስሜ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦

«ይታይሽ፣ ዳር ዳሩ ያለው ዛፍ ሲመነጠር ውሃውን ፀሐይ ያገኘዋል፣ ይሞቃል። ሲሞቅ በውስጡ የሚኖረው ነፍስ ያለው ነገር ይቸገራል። ዓይን ግን ይህን አያይም። ጥርት ያለ ወንዝ ታያለሽ፣ ወንዙ ግን ታሟል። ስለዚህ በየጊዜው እንለካለን።»

ከሥራዬ ሌላ አንድ ነገር ነበረኝ፤ ግጥም። ማንም አላስተማረኝም። ከመንደራችን በላይ ባለው የቅኔ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ በመስማት ነው የተማርኩት። የኔታ ጥበቡ ተማሪዎቻቸውን ሲያርሙ፣ አንዱ ቃል ላዩን ሰም ውስጡን ወርቅ ሆኖ ሲወጣ ስሰማ ጆሮዬ ይነዝረኝ ነበር። አንድ ቀን የኔታ አዩኝ። አላባረሩኝም። «አጥሩ እንዳይወጋሽ» ብቻ ብለውኝ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር የተሸከመ ቃል ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ በአፌ ሳመላልሰው እውላለሁ። ቃል ባለ አንድ ፊት ሲሆን ድሃ ይመስለኝ ነበር።

ከምንለካቸው ቦታዎች አንዷ የጨሞጋ ገባር የሆነች ጅረት ናት። በሁለት ቦታ እንለካታለን፤ ላይኛው ገደል ሥር፣ ታችኛው መሻገሪያው ላይ። ወደ ይጁቤ ገበያ የሚወርድ የዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ በመሻገሪያው ያልፋል። ከላይኛው ወደ ታችኛው ጅረቷ አንድ ጉብታ ዞራ ነው የምትሄደው፤ ሰው ግን ጉብታውን ካቋረጠ ይቀድማታል።

አያ ስንሻውን ያወቅሁት መሻገሪያው ላይ ነው። የታላቅ ወንድሜ እኩያ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ሳቁ ከቁመቱ የረዘመ። ሸጋ የምትባል በቅሎ አለችው፤ ሽማግሌና አቅመ ደካማ በእሷ ጭኖ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ባየኝ ቁጥር ይቆማል።

«እንዴት ዋልሽ፣ የወንዝ ሐኪሟ! ዛሬስ በሽተኛችን አተኮሰው?»

«ትንሽ አተኩሶታል፣ አያ ስንሻው።»

«ሞቅ ካለማ ደህና ነው። ሞቅ ያለ ነገር በሕይወት አለ ማለት ነው። የሚያስፈራው የቀዘቀዘ ጊዜ ነው!»

ከድር ይስቃል። «አያ ስንሻው፣ አንተን ነው መቅጠር የነበረብን» ይለዋል። «አንተ ወሎዬ፣ እኔን ከቀጠርክ ሸጋንም ትቀጥራለህ፤ አንለያይም» ይላል እሱ። ሸጋም ስሟን ሰምታ ጆሮዋን ታዞራለች።

ያ ዕለት የገበያ ቀን ነበር። ሰኔ ገብቷል፤ ግን በእኛ በኩል ደመና የሚባል አልነበረም። በጮቄ አቅጣጫ ሰማዩ ጠቁሯል። ጮቄ ደግሞ በሰኔ መች የማይጠቁርበት ቀን አለው? ከድር ወደ ታችኛው ወረደ፤ እኔ ወደ ላይኛው ወጣሁ።

ቴርሞሜትሩን ከድንጋይ ጋር አስሬ ጥላ ያለበት ቦታ ከተትኩት። አሥራ ዘጠኝ አለ። በዚያ ፀሐይ የተለመደ ነው። ቁጥሩን ልልክ ስልኬን አውጥቼ ደግሜ ሳይ አሥራ ሰባት ይላል። ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። አሥራ አምስት። መሣሪያው ተበላሸ ብዬ አውጥቼ አራገፍኩት፣ መልሼ ከተትኩት። አሥራ ሁለት።

እጄን ከተትኩ። አክስቴ እውነቷን ነበር፤ በእጅ ይታወቃል። ቅዝቃዜው አጥንቴ ውስጥ ገባ። አናቴን ፀሐይ ይጠብሰኛል፣ እጄ ግን ደነዘዘ። ወንዝ በእኩለ ቀን እንዲህ የሚቀዘቅዝበትን ምክንያት ሳስብ አንድ ነጭ ነገር እየተንሳፈፈ መጥቶ ጣቴን ነካኝ። ባቄላ ያክላል። አነሳሁት።

በረዶ ነው።

እጄ ላይ እየቀለጠ ቆሜ አየሁት። አንድም ጠብታ ባልወረደበት አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መዳፌ ላይ በረዶ። ከዚያ ሌላ መጣ። ከዚያም ብዙ። ከጎን የምትገባዋ ትንሿ ሸለቆ ደፍርሳ፣ ቅጠልና ገለባ ይዛ፣ በረዶውን ስትተፋው አየሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ላይ ጮቄ ላይ በረዶ ወርዷል። ቀድሞ የደረሰው ቅርቡ ሸለቆ ነው። ዋናው ከኋላ ነው።

ለከድር ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል። ወንዝ ሲገባ ጃኬቱን ቁጥቋጦ ላይ እንደሚሰቅል፣ ስልኩም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ቴርሞሜትሩን ከነድንጋዩ ነጥቄ ወደ ጉብታው ሮጥኩ።

ጉብታው አናት ላይ ስደርስ መሻገሪያው ከሥሬ እንደ ሥዕል ተዘርግቶ ታየኝ። ሸጋ መሐል ወንዝ ላይ ቆማለች፤ የፊት እግሯ ሁለት ድንጋይ መሐል ተቀርቅሯል። አያ ስንሻው አንገቷን አቅፏል። ከድር ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ከውሃው ሥር ድንጋይ ይታገላል። ወዲያ ማዶ ዳሩ ላይ የኔታ ጥበቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በበቅሎዋ ሲሻገሩ ኖሮ፣ ሁለቱ እሳቸውን አውርደው ዳር ካደረሱ በኋላ ነው ወደ እሷ የተመለሱት። ውሃው ገና ከጉልበት አይበልጥም። ሰላማዊ ነው። ያብረቀርቃል።

አያ ስንሻው አፉን በእጁ ከብቦ ወደ ሜዳው ይጣራል፦

«የሰው ያለህ! ድረሱልን! ኧረ ድረሱ!»

እኔም ሳንባዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ፦

«ደራሽ! ደራሽ መጣ! ደራሽ መጣባችሁ!»

ሌላ ምን እል ነበር? በእኛ አገር ላይ ዘንቦ ታች ድንገት የሚወርደው ጎርፍ ስሙ ይኸው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ወንዝ ዳር አትጫወቺ፣ ደራሽ እንዳይወስድሽ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በፍርሃት ውስጥ ሰው ቃል አይመርጥም፤ የእናቱ ቃል ነው የሚወጣው። ነፋሱ ግን ከጩኸቴ «መጣባችሁ» የሚለውን ጭራ ቆርጦ አስቀረው። እነሱ ዘንድ የደረሰው «ደራሽ መጣ» ብቻ ነው።

አያ ስንሻው ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ በራ።

«እሰይ! የወንዝ ሐኪሟ ናት! በርታ አንተ ወሎዬ፣ ደራሽ መጥቷል!»

ከድርም ቀና አለ። እርጥብ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልኝ። አመሰገነኝ። ከዚያ እንደገና ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያዘ፤ አሁን በአዲስ ጉልበት።

ያን ቅጽበት እንዴት ልጻፈው? እነሱ «ድረሱ» ብለው ተጣሩ። እኔ «ደራሽ መጣ» አልኳቸው። ቃሉ አንድ ነው። ሊያድን የሚደርስም ደራሽ ነው፣ ሊወስድ የሚደርስም ደራሽ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አጥር ሥር ተቀምጬ የለቀምኩት፣ የምወደው፣ የምኮራበት ያ ባለ ሁለት ፊት ቃል አሁን ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሰው ይዞ ቆሟል።

ቁልቁል ሮጥኩ። «ጎርፍ! ጎርፍ ነው!» እላለሁ፤ ድምፄ ተዘግቷል። ራሴም አልሰማሁትም። ከኋላዬ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ። መሬቱ በእግሬ በኩል ነገረኝ።

የኔታ ተነሱ።

እኔን ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ጋቢያቸውን ሳይሰበስቡ ውሃው ውስጥ ገቡ። መቋሚያቸውን ዘርግተው በመያዣው ከድርን በሸሚዙ አንገት ጠለፉትና ጎተቱት። ከድር ወደ ኋላው ወደቀ፤ እየተንገዳገደ ዳር ወጣ፤ ሽማግሌው አብደዋል ብሎ ሊጮህባቸው አፉን ከፍቶ ነበር።

«ስንሻው፣ ውጣ!» አሉ የኔታ። «ልቀቃትና ውጣ!»

«ይቆዩ የኔታ፣ ደራሽ እየመጣ ነው እኮ! ሸጋን ጥዬ—»

ቃሉን አልጨረሰም። ከጉብታው ጥግ የዞረው ነገር ውሃ አይመስልም ነበር። የቆመ መሬት ነው የሚመስለው፤ ሥር፣ ግንድ፣ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ደግሞ በረዶው እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነጭ ሆኖ። አያ ስንሻው ፊቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ነበር፤ ከኋላዬ የሚመጡትን ሰዎች እየፈለገ። ከዚያ መሻገሪያው የለም። ሸጋ የለችም። እሱም የለም።

ማዶና ማዶ ቆመን ቀረን። በመሐላችን ያ ቡናማ ነገር ያልፋል። ከድር ከወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ይለኛል፣ አይሰማኝም። ከንፈሩን ብቻ አያለሁ። ደጋግሞ አንድ ነገር ነው የሚለው። በኋላ ውሃው ጎድሎ ስንገናኝ ነገረኝ፦

«እኔ እኮ አመሰገንኩሽ። እጄን አንስቼ አመሰገንኩሽ እኮ፣ ይታይሽ።»

ቴርሞሜትሩ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ የጨበጥኩበት ጣቴ አልፈታ ብሎኝ ከድር አንድ በአንድ ፈታልኝ።

አገር ሙሉ ሲፈልገው አምሽቶ በማግስቱ ከታች፣ ወንዙ ከሚሰፋበት አሸዋ ላይ ተገኘ። የሸጋ ልጓም እጁ ላይ ተጠምጥሟል። አንለያይም ብሎ ነበር፤ እሷ ግን አልተገኘችም።

ለቅሶው ላይ አልቃሿ መሐል ቆማ፣ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

ድረሱልኝ ብሎ ቢጣራ ወንዝ ዳር፣
ደራሽ ቀደመና ወሰደው ከአገር።

ሕዝቡ ተነቅንቆ አለቀሰ። እኔ ግን አንድ ነገር ሆንኩ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ውስጤ «እሰይ፣ እንዴት ያለ ስንኝ ነው!» አለ። በአስከሬኑ ፊት። ከጎርፉ ይልቅ ያ አስደነገጠኝ። ከሰው መሐል ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ያን ስንኝ የወደደችው ያቺ ልጅ ማን ናት? ከእኔ ጋር ስንት ዘመን ኖራለች?

የአያ ስንሻው ሚስት ጥሩዬ እዚያው መጣችብኝ። ነጠላዋን አደግድጋለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«አንቺ ነሽ አሉ የተጣራሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ደራሽ መጣ ስትይው ምን አለ?»

ልዋሽ አሰብኩ። የምዋሸውን አጣሁ።

«ደስ አለው» አልኳት። «ሰው የመጣለት መስሎት ደስ አለው።»

አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እንግዲህ ደስ ብሎት ነው የሄደ በዪኛ» አለችና ወደ ለቅሶው ተመለሰች።

ከቀናት በኋላ ወደ ቅኔ ቤቱ ሄድኩ። የኔታ ብቻቸውን ደጅ ተቀምጠዋል። እንደ ልማዴ አጥሩ ሥር ስቆም «ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። እንቅልፍ የነሳኝን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ሁለቱም ሰሙን ሲሰሙ እርስዎ ወርቁን እንዴት ሰሙት?»

«የምን ወርቅ?»

«ደራሽ ስል ጎርፍ ማለቴ እንደሆነ...»

«አልሰማሁም» አሉ። «እኔም እንደነሱ ነው የሰማሁ። እግዜር ይስጣት፣ ሰው አመጣች አልኩ። ኋላ ግን አየሁሽ። ደራሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ወደ ኋላው ያያል፤ የሚከተሉትን ቶሎ በሉ ይላል። አንቺ አንድ ጊዜም ወደ ኋላሽ አላየሽም። ዓይንሽ ወንዙ ላይ ነበር። ከቃልሽ ምንም አልተረዳሁም፤ ከዓይንሽ ነው።»

ከዚያ መቋሚያቸውን እያሻሹ አንድ ነገር አሉኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

«ልጄ፣ ቅኔ ጊዜ ላለው ሰው ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ሕዝቡን አስቆሙልኝ። ከድርም አለ። ውሃው ድንገት ሲቀዘቅዝ ደራሽ ከላይ ሊኖር እንደሚችል አስረዳን። ይህን ሁሉም ቶሎ ተቀበለው። የከረረው ክርክር በምን ቃል እንጣራ የሚለው ላይ ነው።

«ጎርፍ በሉ፣ አለቀ» አለ አንዱ።

«ጎርፍማ ካልክ አገሩ ሁሉ ሊያይ ይወርዳል!» አለ ሌላው። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ሰው ሳቀ፤ እውነት ነበራ።

«ሽሹ እንበልስ?»

«ሽሹ ብለህ ጩህና እይ፤ አገሩ ምን እንደመጣ ሳይጠይቅ ጫካ ይገባል።»

ሴቶቹ ካሉበት በኩል የጥሩዬ ድምፅ መጣ። ከለቅሶው ወዲህ ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

«ውጡ በሉ» አለች። «ከየት እንደሆነ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል።»

ማንም ሌላ ቃል አላመጣም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ይልቅ የተማራችሁና ብዙ ያያችሁ ትኖራላችሁ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። በቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ በሰፈራችሁ ክፉ ነገር ሲመጣ የምትጣሩበትን ቃል ዛሬውኑ፣ ደህና ሳላችሁ፣ በአፋችሁ አዙሩት። ሌላ ትርጉም ካለው ጣሉት። የሚሰማችሁ ሰው የተቸገረ ሰው ነው፤ የተቸገረ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ትርጉም የሚሰማው የተመኘውን ነው። አያ ስንሻው ቃሌን አላጣመመውም። ተስፋ አደረገው እንጂ።

ግጥም ተውሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተውኩም። አሁንም ባለ ሁለት ፊት ቃል ሳገኝ ጆሮዬ ይነዝረኛል። ግን ወደ ወንዝ ዳር ይዤው አልሄድም፤ እንደ ከድር ጃኬት ቁጥቋጦ ላይ ሰቅዬው ነው የምገባው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ላይኛው ነጥብ ላይ ቆሜ ቁጥሩ ሲወርድ አየሁ። በረዶ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ጉብታውን አቋርጬ ወጣሁ። መሻገሪያው ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አንዲቱ ወገቧ ድረስ ገብታለች። ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ጨረስኩት፦

«ውጡ!»

አንሶላው ሲቀር፣ ሳሙናው ሲንሳፈፍ፣ ሁሉም ወጡ። ጥሩዬም አብራቸው ነበረች፤ የሌላ ሰው ሕፃን አንጠልጥላ። እየተጯጯሁ፣ እየተቆጡ፣ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ «ምን መጣ? ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

የጠየቁኝ ዳር ላይ ቆመው ነው።